«አይገድልም» ማለት ፈቃድ አይደለም

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በእጅ ቦርሳና በካፖርት ኪስ የምትያዝ፥ ቁልፏ ሲነካ በሁለት ጥርሶቿ መካከል ሰማያዊ ብልጭታ የምትረጭ ትንሽ ሣጥን የብዙዎቻችን መነጋገሪያ ሆናለች። አንዳንዷ የእጅ ባትሪ ትመስላለች፤ አንዳንዷም ሽጉጥ። ራስን ከአጥቂ ለመከላከል የምትጠቅም ኤሌክትሪክ ናት ይባላል። ስለዚህችም መሣሪያ የሚሰማው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው ወገን «ትንሽ ብታስደነግጥ ነው እንጂ ማንንም አትገድልም፤ እንዲያውም ዘበኞች ዱላቸውን ጥለው እሷን ቢይዙ ይሻላል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኧረ አምሳ ሺህ ቮልት ናት፤ የነካችው ሰው እዚያው ይቀራል» ይላል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም በአንድ ምክንያት ነው። ይኸውም መሣሪያውን የሚመዝኑት በሣጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ወይም በሻጩ ቃል ስለ ሆነ ነው። ጉዳቱን የሚወስኑት ግን ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ስንት ሰከንድ ቆየ? በየትኛው የሰውነት ክፍል ዐለፈ? የተነዘረውስ ሰው በምን ሁኔታ ላይ ነበረ? ከነዚህ ሁለቱን የሚቈርጠው ቃታው ላይ ያለው ጣት ሲሆን፥ ሦስተኛውን መሣሪያውን የያዘው ሰው በጨለማና በችኰላ ውስጥ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ጣቱን የሚገዛ ደንብ ሳይኖር መሣሪያውን ለዘበኛ ማስታጠቅ አይገባም እንላለን። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ በአንድ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች በእርግጥ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በእጅ ተይዞ በሰው ገላ ላይ የሚለጠፈው ነው። ሁለተኛው ከሩቅ የሚተኰሰው፥ ቴዘር የሚባለው ነው። ቴዘርን የፈለሰፈው ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ሥራውን በ1969 ጀምሮ በ1974 ፈጸመ። ስሙንም ያወጣለት በ1911 ከታተመና ቶም ስዊፍት የተባለ ልጅ የኤሌክትሪክ ጠመንጃ ሲሠራ ከሚተርክ የልጆች መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ቴዘር በባሩድ ይተኰስ ስለ ነበር የአሜሪካ መንግሥት በ1976 ከጦር መሣሪያ ቈጠረው፤ በ1990ዎቹ የመጣው ግን በታመቀ ናይትሮጅን ስለሚሠራ ከዚያ ደንብ ወጣ። ቃታው ሲሳብ መንጠቆ ያላቸው ሁለት መርፌዎች ቀጭን ሽቦ እየጐተቱ ይወጡና ልብስና ቆዳ ላይ ይሰካሉ። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ከአንደኛይቱ መርፌ ገብቶ፥ በገላ ውስጥ አልፎ፥ በሁለተኛይቱ ይመለሳል። በተፈጥሮ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በዓባይ ወንዝ የሚኖረው የኤሌክትሪክ አምባዛ እስከ 350 ቮልት ድረስ እየረጨ የሚያድነውን ዓሣ ያደነዝዛል፤ የጥንት ግብፃውያንም ሥዕሉን በመቃብር ግድግዳ ላይ ቀርጸውት ይገኛል።

እንግዲህ ስለ ቮልቱ እንነጋገር። በበጋ የሱፍ ሹራብ ስናወልቅ፥ ወይም ምንጣፍ ረግጠን የበር እጀታ ስንይዝ፥ ጣታችንን የሚነድፈን ብልጭታ ብዙ ሺህ ቮልት አለው፤ ነገር ግን ሹራቡ ገደለው የተባለ ሰው አልሰማንም። የቤታችን መስመር ደግሞ 220 ቮልት ብቻ ሲሆን፥ «ኮረንቲ ያዘው» ተብሎ የሚለቀስለት ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቮልት ውሃው የሚወርድበትን የገደል ከፍታ ይመስላል፤ አምፔር ደግሞ የሚወርደውን የውሃ ብዛት። ከገደል አናት የወረደች አንዲት ጠብታ ማንንም አትጐዳም፤ ለጥ ባለ ሜዳ የሚሄድ የክረምት ጎርፍ ግን በሬ ይወስዳል።

ለብዙ ዓመታት በፖሊሶች እጅ የነበረውን ኤክስ 26 የተባለውን ቴዘር ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ መሣሪያ በ2003 ወጣ። የሚነገርለት 50,000 ቮልት ብልጭታው አየርና ልብስ ዘልሎ እንዲገባ የሚያስፈልግ ነው፤ ገላ ውስጥ ሲገባ ወደ 1,200 ቮልት ገደማ ይወርዳል። በሰከንድ 19 ጊዜ ይመታል። እያንዳንዱ ምት የሚቆየው የአንድ ሰከንድ ዐሥር ሺህኛ ያህል ብቻ ሲሆን፥ የሚያሳልፈው የኤሌክትሪክ መጠንም የአንድ ኩሎምብ ዐሥር ሺህኛ ያህል ነው። የሳይንስ ተማሪ ሒሳቡን በጣቱ ሊያደርገው ይችላል፤ 0.0001 በ19 ሲባዛ 0.0019 አምፔር፥ ማለት ሁለት ሚሊ አምፔር ገደማ ይሆናል። የግድግዳው ኮረንቲ ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ሲደርስ እጅ የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል፤ ወደ 100 ሚሊ አምፔር ሲጠጋ ደግሞ የልብን ትርታ ሊያፋልስ ይችላል። የቴዘር ምት የተቈራረጠ ስለ ሆነ ንጽጽሩ ፍጹም ባይሆንም፥ «አምሳ ሺህ ቮልት ስለ ሆነ ይገድላል» የሚለው ክርክር እንደማያስኬድ ያሳያል።

የሻጮቹም ቁጥር እንዲሁ መመርመር አለበት። በእጅ በሚለጠፉት ርካሽ ሣጥኖች ላይ «አንድ ሚሊዮን ቮልት»፥ አልፎም «ብዙ ሚሊዮን» ተብሎ ይጻፋል። በተራ አየር ውስጥ ብልጭታ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመዝለል ቢበዛ 30,000 ቮልት ያህል ይበቃዋል። እንግዲያስ አንድ ሚሊዮን ቮልት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ መዝለል ነበረበት። የሣጥኑ ጥርሶች ግን የሚራራቁት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ብልጭታው በዚያ አጭር መንገድ ስለሚዘል ቮልቱ ከዚያ በላይ ሊወጣ አይችልም። በማስመሪያ ሊጋለጥ የሚችል ውሸት በገንዘብ መግዛት ለተማረ ሰው የሚገባ አይደለም።

አሁን ወደ ሰውነት እንመለስ። በ1791 ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለው የቦሎኛ ሊቅ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚንፈራገጥ ጽፎ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ነርቮቻችን ትእዛዝ የሚያስተላልፉት በትንንሽ የኤሌክትሪክ ምቶች መሆኑ ታወቀ። አንጎል «እጅህን አንሣ» ሲል ጡንቻው የሚሰማው ምት ነው። ቴዘር የሚያደርገው የሐሰት ትእዛዝ መላክ ነው። ምቱ በሰከንድ 19 ጊዜ ስለሚደጋገም ጡንቻው በመካከል ሊላላ ጊዜ አያገኝም፤ ተኰማትሮ ይቀራል። ሰውዬው ልቡናው አይጠፋም፤ ያያል፥ ይሰማል፥ ሕመሙም ብርቱ ነው፤ ነገር ግን እጁና እግሩ አይታዘዙለትም። ይህ የሚሆነው ሁለቱ መርፌዎች ተራርቀው ከተሰኩ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲራራቁ ብዙ ጡንቻ በመካከላቸው ይያዛል።

በእጅ የሚለጠፈው ሣጥን ግን ጥርሶቹ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ የሚይዘው የተለጠፈበትን ሥፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ያሳምማል እንጂ ሰው አይጥልም። ሕመም ደግሞ አንዱን ሲያስሮጥ ሌላውን ያስቈጣል፤ የሰከረ ወይም የተናደደ ሰው ጭራሹን ላይሰማው ይችላል። በዚህች ሣጥን ተማምና በጨለማ መንገድ ብቻዋን የምትሄድ እኅታችን አጥቂው ክንዷን እስኪይዝ ድረስ መጠበቅ ግድ እንደሚሆንባት አስቀድማ ማወቅ ይገባታል።

ስለ ጉዳቱ ስንጠይቅ ብዙ ሰው ወዲያው ልብን ያስባል። ነገር ግን ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት መውደቅ ነው። ጡንቻው የተያዘ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን መደገፍ አይችልም፤ እንደ ተቈረጠ ባሕር ዛፍ በቁሙ ይወርዳል። ከደረጃ ላይ፥ ከአጥር ላይ፥ ወይም በአስፋልት ላይ ከሆነ ጭንቅላቱ ምን እንደሚያገኘው ግልጽ ነው። በ2009 አናልስ ኦፍ ኢመርጀንሲ ሜዲስን በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ፖሊሶች ይህን መሣሪያ የተጠቀሙባቸውን 1,201 ሰዎች መርምሮ፥ ከመቶ 99.75 የሚሆኑት ምንም ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ወይም ቀላል ጉዳት ብቻ እንዳገኛቸው ገልጿል። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፥ የሁለቱ ጉዳት በመውደቅ ምክንያት በራስ ቅላቸው ውስጥ የደረሰ ነው። ሌሎች ሁለት ሰዎች በእስር ላይ ሳሉ ሞተዋል፤ የአስከሬኑ ምርመራ ግን ሞታቸውን ከመሣሪያው ጋር አላገናኘውም። ከዚህ ሌላ መርፌው ዓይን ላይ ቢሰካ ሊያሳውር፥ ብልጭታውም ቤንዚን የነካውን ልብስ ሊያቀጣጥል ይችላል።

ስለ ልብም ቢሆን እውነቱን ሳናጋንንና ሳንደብቅ እንናገር። የልብ ጡንቻ ከነርቭ ይልቅ ለመቀስቀስ ረዘም ያለ ምት ይፈልጋል፤ የቴዘር ምት አጭር የሆነውም ነርቭን ይዞ ልብን እንዲያልፍ ተብሎ ነው። በብዙ ሰዎችም ዘንድ ያልፋል። ነገር ግን መርፌዎቹ ደረት ላይ፥ ለልብ ቀርበው ሲሰኩ ነገሩ ያከራክራል። በ2012 ዳግላስ ዚፕስ የተባለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የልብ ሐኪም ሰርኩሌሽን በተባለው መጽሔት ላይ በዚህ መሣሪያ ደረታቸው ላይ ተነዝረው ወዲያው ልቡናቸውን የሳቱ የ8 ሰዎች ታሪክ አወጣ። ልብ በዚህ ጊዜ ደም መርጨቷን ትታ ያለ ሥርዓት ልትንቀጠቀጥ ትችላለች አለ። በ2014 በዚያው መጽሔት ማርክ ክሮልና ጓደኞቹ «አጋጣሚ ነው» ሲሉ ተከራከሩት። ዚፕስ በፍርድ ቤት ለተጐጂዎች ወገን እየተከፈለው የመሰከረ፥ ክሮልም የአምራቹ ኩባንያ የቦርድ አባል የነበረ መሆኑን አንባቢ ይያዝልን። እኛ በሊቃውንቱ መካከል ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን አምራቹ ኩባንያ ራሱ በ2009 «ደረት ላይ አታነጣጥሩ» የሚል ምክር ለፖሊሶች እንደ ሰጠ እናስታውሳለን። ሻጩ ራሱ ከደረት አርቁ ያለውን መሣሪያ መጫወቻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት በ2011 ያወጣው ሪፖርት ለመሣሪያው ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ ነው። ሪፖርቱ በልኩ ሲሠራበት ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ገጹን ገልጦ ላነበበ ሰው ቀጥሎ ሌላ ቃል አለ። ለጤነኛ ጐልማሳ የተገኘው የደኅንነት ልክ ለትንንሽ ልጆች፥ ልባቸው ለታመመ፥ ለሽማግሌዎችና ለነፍሰ ጡሮች ላይሠራ ይችላል ይላል። ለመሆኑ ዘበኛ በሌሊት የሚገጥመው ማንን ነው? በላቦራቶሪ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፥ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ የሚፈተነውን ጤነኛ ፈቃደኛ ነውን? የሚገጥመው የሮጠ፥ የፈራ፥ የጠጣ፥ አእምሮው የታወከ፥ ወይም የልብ በሽታ እንዳለበት ራሱም የማያውቅ ሰው ነው።

ወደ ሰከንዱ ጉዳይ እንምጣ። ኤክስ 26 ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ 5 ሰከንድ ይሠራል፤ ይህም 95 ምት ነው። ጣቱ ካልተነሣ ግን ይቀጥላል፤ እንደገናም ሊሳብ ይችላል። በ2011 የአሜሪካ ፖሊስ አለቆች የሚመሩበት ደንብ ሲጻፍ፥ በአንድ ጊዜም ሆነ ተደጋግሞ ከ15 ሰከንድ በላይ የሆነ ንዝረት የሞትን ወይም የከባድ ጉዳትን አደጋ ሊጨምር ይችላል ተብሏል። በአሳማዎች ላይ የተደረጉ ፈተናዎችም ጡንቻ ያለ ዕረፍት ሲኰማተር የደሙ አሲድ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 2007 ሮበርት ጄካንስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ በካናዳ ከምትኖር እናቱ ጋር ለመኖር ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። ለብዙ ሰዓት በመግቢያው ሲንከራተት ቆይቶ ተበሳጨ፥ ዕቃም ወረወረ። አራት ፖሊሶች መጥተው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቴዘር ተኰሱበት፤ ቃታው በጠቅላላው አምስት ጊዜ ተሳበ። ሰውዬውም እዚያው ሞተ። ፖሊስ በመጀመሪያ የተናገረው ሌላ ነበር፤ አንድ መንገደኛ ያነሣው ፊልም ግን የሆነውን አሳየ። ቶማስ ብሬድውድ የተባሉት የቀድሞ ዳኛ የመሩት የምርመራ ኮሚሽን በ2009 ሲጽፍ፥ የተኵሱ ጊዜ በ5 ሰከንድ እንዲወሰን፥ ልብን ወደ ትርታዋ የሚመልስ መሣሪያም በአቅራቢያው እንዲኖር መከረ። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት በእጁ የያዘው ወረቀት ማያያዣ ስቴፕለር ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋና ነገር እንዲህ ነው። ያ ፖሊስ የያዘው ሽጉጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቴፕለር በያዘ ሰው ላይ አምስት ጊዜ ባልተኰሰ ነበር። «አይገድልም» የሚለው ቃል ጣትን ያቀላል። ሽጉጥ ለሞት ሽረት ይመዘዛል፤ ይህ ግን «ተነሥ ስልህ ለምን አልተነሣህም» ለማለትም ይመዘዛል። በዱላ የተመታ ሰው ሰንበሩን ያሳያል፤ በኤሌክትሪክ የተነዘረ ግን ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ቢያሳይ ነው። በአርጀንቲና ለከብት መንጃ የተሠራው የኤሌክትሪክ ዘንግ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በእስረኞች ላይ የዋለው ብዙ አሳምሞ ትንሽ ምልክት ስለሚተው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ፀረ ሥቃይ ኮሚቴ በኅዳር 2007 ስለ ፖርቱጋል ሲመክር፥ ኤክስ 26 ከሚያደርሰው ብርቱ ሕመም የተነሣ አጠቃቀሙ የማሠቃየት ተግባር ይሆናል፥ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል ብሏል።

በተቃራኒው ወገን ያለውንም እውነት አንሸሽግም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ነዋሪ የሆነች ጄሚ ካታኖ የተባለች ሴት፥ ይደበድባት ከነበረ የቀድሞ ወዳጇ ራሷን ለመከላከል በእጅ የሚለጠፈውን ሣጥን ይዛ ነበር። አንድ ሌሊት ባሳየችው ጊዜ ሰውዬው ትቷት ሄደ፤ አንድም ጊዜ አልነካችውም። በኋላ ሣጥኑን በመያዟ ተከሰሰች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2016 የክፍለ ግዛቱን ፍርድ ሻረው። በብሪታንያ ደግሞ የ1968 የመሣሪያ ሕግ ግለሰቦች እንዲህ ያለውን እንዳይዙ ይከለክላል። ፍርሃቷ እውነተኛ የሆነች እኅት መከላከያ መሻቷን የሚነቅፍ ሰው ከመካከላችን እንዳይኖር እንለምናለን። እኛ የምንለው ራሷን የምታድን ሴትና ሰው ለማስታዘዝ የተቀጠረ ዘበኛ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም ነው። እሷ ነክታ ትሸሻለች፤ እሱ ግን ነክቶ ይቆማል፥ ደግሞም ይደግማል።

ስለዚህ ለአስተዳደሩ፥ ለመምህራንና ለጓደኞቻችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ደንቡ ተጽፎ ለሁሉም ሳይነበብ ለግቢ ዘበኞች ይህ መሣሪያ አይሰጥ። ደንቡም ሰው በሌላ ሰው አካል ወይም ነፍስ ላይ አደጋ ሲያደርስ ብቻ እንዲፈቀድ፥ በሸሸ፥ በተቀመጠ ወይም በተያዘ ሰው ላይ ግን ፈጽሞ እንዲከለከል ያድርግ።

ሁለተኛ፥ ከ5 ሰከንድ በኋላ ጣት ይነሣ። ደረት፥ አንገትና ራስ አይነኩ። በደረጃ፥ በከፍታ፥ በውሃና በቤንዚን አጠገብ አይተኰስ።

ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ተኵስ ከነሰዓቱና ከነሰከንዱ ይመዝገብ። ኤክስ 26ም ሆነ ከእሱ በኋላ የወጡት ቴዘሮች ቃታቸው መቼ እንደ ተሳበ በውስጣቸው ስለሚጽፉ፥ መዝገቡ ሐኪምና የተማሪ ወኪል ባሉበት ይከፈት።

አራተኛ፥ የተነዘረ ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም በሐኪም ይታይ፤ ይልቁንም ራሱን የመታው፥ ደረቱን የሚያመው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ብትኖር። ዓይን ወይም አንገት ላይ የተሰካ መርፌ ከሐኪም በቀር ማንም አይንቀለው። ወድቆ ትንፋሽ ያጣ ሰው ቢኖር ሐኪም ይጠራ፥ እስኪመጣም ደረቱን መጫን ሳይዘገይ ይጀመር።

አምስተኛ፥ በመኝታ ቤት ጓደኛን ለቀልድ መንዘር ይቅር። የሌላው ልብ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ቀልደኛ የለም።

ስድስተኛ፥ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት በሚወስዱት መንገዶች መብራት ይብራ፥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም በቡድን ለመሄድ ተራ ይዘጋጅ። ይህ ከማንኛውም ሣጥን ይረክሳል፥ ማንንም አይነዝርም።

የተማረ ሰው ወጉ ጠይቆ መግዛት ነው። እንግዲህ መሣሪያውን ለራሱም ሆነ ለግቢው ሊገዛ የሚያስብ ሁሉ የሣጥኑን ቮልት ማንበቡን ትቶ፥ «ስንት ሰከንድ? የት ላይ? በማን ላይ? ማንስ ይቈጥራል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ።